ዕቁብ ነው ወይስ ሎተሪ? በቀላል የእንቆቅልሽ ጨዋታ ውስጥ የዕድል ቦታ

ባለፈው ክረምት አንድ ማታ ነው። ደብረ ብርሃን፣ ጠባሴ፣ እህቴ ቤት ቁጭ ብለናል። ውጭ ብርዱ አጥንት ድረስ ይዘልቃል። ከሰሉ ተቀጣጥሏል፣ ቡናው ሁለተኛው ላይ ደርሷል። የ12 ዓመቷ የእህቴ ልጅ ስልኬን ይዛ እኔ የሠራሁትን ጨዋታ ትሞክራለች።

ጨዋታው ቀላል ነው። 6 በ6 የሆነ ማሳ አለ። ገብስ፣ ስንዴና ባቄላ አንድ በአንድ ይመጣሉ። የመጣውን የፈለጉት ክፍት ቦታ ላይ ማስቀመጥ ነው። አንድ ዓይነት ሰብል ሦስት ሆኖ ከተሰለፈ ይታጨድና ቦታው ይለቀቃል። ማሳው ከሞላ ጨዋታው አለቀ። በመሃል ደግሞ በረዶ ይወርድና አንዱን ሰብል ያበላሻል። የተበላሸው ቦታ ለብዙ ዙር ምንም አያበቅልም።

ልጅቷ ጥግ ላይ ሁለት ገብስ አስቀምጣለች። ሦስተኛውን ትጠብቃለች። ስንዴ መጣ። ባቄላ መጣ። አሁንም ባቄላ። እንዲህ እንዲህ እያለ ስምንት ጊዜ ገብስ የሚባል ነገር ጠፋ። ማሳው እየጠበባት ሄደ። በዘጠነኛው ገብስ መጣ። ደስ ብሏት ልታስቀምጥ ስትል በረዶ ወረደና ካስቀመጠቻቸው ሁለቱ አንዱን መታው።

ስልኩን ትራሱ ላይ ወረወረችው። «አጎቴ፣ ይሄ ጨዋታ ያጭበረብራል!» አለችኝ።

አያጭበረብርም። ኮዱን የጻፍኩት እኔ ነኝ። ሦስቱም ሰብሎች እኩል ዕድል አላቸው። በረዶውም ማንንም አይቶ አያዳላም። ይህን ላስረዳት ሞከርኩ። አልሰማችኝም። ቤት ስገባ ነገሩን ሳወጣው ሳወርደው አደርኩ። በመጨረሻ የገባኝ ትክክለኛዋ እሷ መሆኗ ነው። ኮዱ ሐቀኛ ነበር፣ ጨዋታው ግን ፍትሐዊ አልነበረም። ሁለቱ አንድ አይደሉም።

ይህን ዛሬ የማነሳው ያለ ምክንያት አይደለም። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ከተባበሩት አረብ ኤምሬቶች ጋር የ5 ሚሊዮን ኢትዮጵያውያን ኮደሮች መርሐ ግብር ከተጀመረ ወዲህ ኮድ መጻፍ የሚማር ወጣት በየቤቱ አለ። እዚህ ደብረ ብርሃንም የማውቃቸው ልጆች ሰርተፍኬታቸውን ወስደዋል። ሰርተፍኬት የያዘ ልጅ ቀጥሎ ምን ይሠራል? ብዙዎቹ የሚጀምሩት ቀላል ጨዋታ በመሥራት ነው። ጥሩ ጅማሮ ነው። ግን ሁሉም አንድ ቦታ ላይ ይሰናከላሉ። «ቀጥሎ ምን ይምጣ?» የሚለውን ጥያቄ በአንድ መስመር ኮድ፣ በዘፈቀደ ቁጥር፣ ይመልሱታል። እኔም ያደረግኩት ይህንኑ ነው።

የበልግ ዕድልና የውርጭ ዕድል

አያቴ መንዝ፣ መሐል ሜዳ በኩል ገበሬ ነበሩ። ስለ ዕድል ካወቅኩት አብዛኛውን ያስተማረኝ የእሳቸው እርሻ ነው።

በሰሜን ሸዋ ደጋ በልግ ትልቅ ነገር ነው። ዝናቡ በጊዜው ይጥል አይጥል ማንም አያውቅም። አንዳንድ ዓመት ቀድሞ ይመጣል፣ አንዳንድ ዓመት ጭራሽ ይቀራል። ይህ ዕድል ነው። ገበሬው ግን የሚወስነው ዝናቡን አይቶ ነው። ከጣለ ገብሱን ይበትናል። ካልጣለ ዘሩን ጎታ ውስጥ ያስቀምጥና ክረምትን ይጠብቃል። ዕድሉ መጀመሪያ መጣ፣ ውሳኔው ተከተለ። መጥፎ በልግም ቢሆን ገበሬው እጁ ላይ አንድ ነገር አለው። ጎበዙ ገበሬና ሰነፉ ገበሬ በመጥፎ ዓመትም ይለያያሉ።

ውርጭ ሌላ ነው። ታርሷል፣ ተዘርቷል፣ ታርሟል። ባቄላው ፍሬ ይዟል። ጥቅምት ወይም ኅዳር ላይ አንድ ሌሊት ውርጭ ይመታውና ጠዋት ሲወጡ ማሳው ጠቁሮ ይገኛል። ከዚህ በኋላ ምንም ማድረግ አይቻልም። ጎበዙም ሰነፉም እኩል ቆመው ያያሉ።

በጨዋታ ሥራም ሁለቱ ይለያሉ። አንዱ ዕድል ከተጫዋቹ ውሳኔ በፊት ይመጣል። ካርታ ታድሎ፣ እጅህን አይተህ፣ ከዚያ ስታስብ ማለት ነው። ሌላው ከውሳኔው በኋላ ይመጣል። አስበህ፣ ወስነህ፣ ከዚያ ዳይስ ተጥሎ ያሰብከው ይሳካ አይሳካ ሲወሰን ማለት ነው። እኔ ለራሴ የበልግ ዕድልና የውርጭ ዕድል ብዬ ጠርቻቸዋለሁ። ቀላል የእንቆቅልሽ ጨዋታ የሚኖረው በበልግ ዕድል ነው። የውርጭ ዕድል ከበዛበት እንቆቅልሽነቱ ያበቃል።

ቃሉ ራሱ ይነግረናል። ልጅ ሆነን «እንቆቅልሽ» ሲባል «ምን አውቅልህ» እንል ነበር። ካቃተን አገር እንሰጣለን። ጠያቂው አገሩን ተቀብሎ፣ ከነጌጡ ወርሶ፣ መልሱን ይነግረናል። መልሱ ሲነገር ምን እንል ነበር? «ውይ! እንዴት አጣሁት!» ነው የምንለው። መልሱ ጥያቄው ውስጥ ነበረ። አገር የሰጠነው በራሳችን ስንፍና ነው፣ አይቆጨንም። ወይም ይቆጨናል፣ ግን በጠያቂው አንቆጣም። መልሱ ከጥያቄው ጋር ምንም የማይገናኝ ቢሆን ኖሮ ማንም አገር አይሰጥም ነበር።

የእህቴ ልጅ ያጣችው ይህን ነው። የተሸነፈችበትን ምክንያት ወደኋላ ሄዳ ብትፈልግ እሷ ዘንድ የለም። «እዚህ ጋ ባላደርገው ኖሮ» የምትለው ነገር የለም።

ዕቁቡ

ወደ መጀመሪያው ችግር ልመለስ። ስምንት ጊዜ ገብስ ጠፋ።

ሒሳቡን እንሥራው። ሦስት ሰብል አለ፣ ሁሉም እኩል ዕድል አላቸው። ገብስ አንዴ የመቅረቱ ዕድል 2 ከ3 ነው። ስምንቴ ተከታትሎ የመቅረቱ ዕድል 4 በመቶ ገደማ ይሆናል። ትንሽ ይመስላል። ግን በአንድ ጨዋታ ውስጥ መቶ ጊዜ ሰብል ይመጣል። ሦስቱም ሰብል ደግሞ በየተራቸው ሊጠፉ ይችላሉ። ስለዚህ እንዲህ ያለ ድርቅ በየጨዋታው ማለት ይቻላል አንዱ ሰብል ላይ ያጋጥማል። ሰው አእምሮ ውስጥ ያለው «ዘፈቀደ» የተቀላቀለ፣ የተሰባጠረ ነው። እውነተኛው ዘፈቀደ ግን አንድ ነገር ይደጋግማል፣ ከዚያ ያጠፋል፣ ከዚያ እንደገና ያከማቻል። ያላየው ሰው ተንኮል ይመስለዋል።

መፍትሔው ያለው ከድሮም ጀምሮ የምናውቀው ነገር ውስጥ ነው።

ሰባት ሰው ሆናችሁ ሳምንታዊ ዕቁብ ገባችሁ እንበል። ዕጣው በየሳምንቱ ይወጣል። ማን መቼ እንደሚደርሰው ማንም አያውቅም፤ የዕቁቡም ጣዕም ይኸው ነው። ግን ሁሉም የሚያውቀው አንድ ነገር አለ። አንዴ የወጣ ስም ዙሩ እስኪያልቅ ተመልሶ አይገባም። በሰባተኛው ሳምንት ሁሉም ደርሶታል። ዕጣው የሚወስነው ተራን እንጂ ማግኘትና ማጣትን አይደለም። ሎተሪ ግን ትናንት የወጣበት ሰው ዛሬም ሊወጣለት ይችላል። ዕድሜ ልኩን የቆረጠ ሰው ደግሞ አንዴም ላይወጣለት ይችላል። ዕጣው ትናንትን አያስታውስም።

ዓለም ላይ በጣም ከተጫወቱት የእንቆቅልሽ ጨዋታዎች አንዱ ከሎተሪ ወደ ዕቁብ የተሻገረ ነው። ቴትሪስን አሌክሲ ፓጂትኖቭ እ.ኤ.አ. በ1984 ሞስኮ ውስጥ ሠራው። ከላይ የሚወርዱ ቅርጾችን መደርደር ነው፤ የሞላ መስመር ይጠፋል። ሰባት ቅርጾች አሉት። ሁሉም ሰው የሚጠብቀው ረጅሙን፣ አራት ካሬ በአንድ መስመር የተደረደረበትን ነው። አራት መስመር በአንዴ የሚያጠፋው እሱ ብቻ ነውና። ቅርጾቹ እንደ ሎተሪ ሲወጡ 12 ቅርጽ መጥቶ ረጅሙ አንዴም ያለመታየቱ ዕድል ወደ 16 በመቶ ይጠጋል። 20 ቅርጽ ድረስ የመጥፋቱ ዕድል እንኳ 5 በመቶ ገደማ ነው። እ.ኤ.አ. በ1989 ለኔንቲዶ የጨዋታ ማሽን የወጣው ቴትሪስ ትንሽ ማስተካከያ ነበረው። የወጣው ቅርጽ ካለፈው ጋር አንድ ዓይነት ከሆነ አንዴ እንደገና ያወጣል። መደጋገሙን ይቀንሳል፣ ድርቁን ግን አያስቀርም።

ዛሬ በይፋ የሚወጡት ቴትሪሶች በአብዛኛው የሚሠሩት እንደ ዕቁብ ነው። ሰባቱ ቅርጾች ከረጢት ውስጥ ይገባሉ፣ ይቀላቀላሉ፣ አንድ በአንድ ይወጣሉ። ሲያልቁ ሰባቱም ተመልሰው ይገባሉ። ረጅሙ በመጀመሪያው ዙር መጀመሪያ ቢወጣና በሁለተኛው ዙር መጨረሻ ቢወጣ በመካከሉ 12 ሌሎች ቅርጾች ያልፋሉ። ከዚያ በላይ በፍጹም አይጠፋም። የሰባት ሰው ዕቁብ ላይም ሒሳቡ ያው ነው። በመጀመሪያው ዙር አንደኛ የደረሰው ሰው በሚቀጥለው ዙር መጨረሻ ቢሆን በመሃል 12 ሳምንት ይጠብቃል። ከዚያ በላይ የሚያስጠብቀው ዕጣ የለም፤ ዳኛው ካልበላው በስተቀር።

ዕቁብ ሌላም ነገር ይሰጣል፦ እውቀት። አምስት ሰው ደርሶት ሁለት ሲቀሩ ሁለቱ ሰዎች በዓይን ይተያያሉ። «ወይ እኔ ወይ አንተ» ነው። በቴትሪስም አምስት ቅርጽ የቆጠረ ተጫዋች የቀሩትን ሁለቱን ያውቃል። ዕድሉ አልጠፋም፣ ግን ለሚቆጥር ሰው ዋጋ ከፈለው። እኔ የዚህን ያህል የሚያስደስተኝ የጨዋታ አሠራር የለም።

ስለ ቴትሪስ አንድ ነገር ልጨምር። ሄዲ በርጂል የተባለች የሒሳብ ባለሙያ እ.ኤ.አ. በ1997 ያሳተመችው ጽሑፍ አለ። ሁለቱ የተጣመሙት ቅርጾች ብቻ እየተቀያየሩ ቢመጡ የፈለገ ጎበዝ ተጫዋች ቢሆን መጨረሻው መሸነፍ መሆኑን አሳይታለች። ሎተሪ በሆነ ጨዋታ ለዘላለም ብትጫወት ይህ ቅደም ተከተል አንድ ቀን መምጣቱ አይቀርም። በከረጢቱ አሠራር ግን ሊመጣ አይችልም።

እኔም ጨዋታዬን ዕቁብ አደረግኩት። መጀመሪያ ከረጢቱ ውስጥ ሦስት ዘር ብቻ ከተትኩ፣ ከየዓይነቱ አንድ። እጅ እጅ አለ። ሁለቱን ያየ ሰው ሦስተኛውን ያውቃል፣ ምንም የሚያጓጓ ነገር የለም። ከዚያ ስድስት አደረግኩት፣ ከየዓይነቱ ሁለት። ገብስ ሊጠፋ የሚችለው ቢበዛ ስምንቴ ሆነ። ያ ራሱ የሚያጋጥመው ሁለቱ ገብሶች ከአንዱ ከረጢት መጀመሪያ፣ ከሚቀጥለው ደግሞ መጨረሻ ሲወጡ ነው። ይህ ከ225 አንዴ ነው። ስድስት ለእኔ ማሳ ልክ መጣ። ለሌላ ጨዋታ ዘጠኝ ወይም አሥራ ሁለት ሊሆን ይችላል። የከረጢቱ ስፋት ጨው ነው። በሒሳብ ግማሽ መንገድ ትሄዳለህ፣ የቀረውን ቀምሰህ ነው የምታውቀው።

እዚህ ጋ ጀማሪዎች የሚሠሩትን አንድ ስሕተት ሳላነሳ አላልፍም፤ ሁለት ልጆች ኮድ ውስጥ አይቼዋለሁ። ከረጢቱን ሲቀላቅሉ እያንዳንዱን ዘር ከየትኛውም ቦታ ካለ ዘር ጋር ቦታ ያቀያይሩታል። ትክክል ይመስላል፣ አይደለም። ሦስት ዘር ብቻ ቢኖር በዚህ መንገድ 27 አካሄድ ይኖራል። ሦስት ነገር የሚደረደርበት መንገድ ግን 6 ነው። 27 ለ6 እኩል አይካፈልም። ስለዚህ አንዳንዱ ድርድር ከሌላው ይበዛል፣ ዕቁቡ ሳይታወቅ ለአንዱ ያደላል። ትክክለኛው መንገድ ፊሸርና ዬትስ እ.ኤ.አ. በ1938 ያሳተሙት ነው። አንዴ ቦታውን የያዘ ዘር ዳግም አይነካም። ቦታ የሚቀያየሩት ገና ቦታ ያልያዙት ብቻ ናቸው።

በረዶውና የሚታየው ደመና

በረዶውን ማስተካከል የበለጠ ከበደኝ።

መጀመሪያ ያሰብኩት ላወጣው ነበር። ግን በረዶ የሌለበት ማሳ ሞክሬ አየሁት፣ ሞተ። ሁሉም ነገር ይጠበቃል፣ እቅድህ አይፈርስም። ተጫዋች ስጋት ይፈልጋል። የማይፈልገው መዘረፍን ነው።

ትምህርት ያገኘሁት ሁለት የቁጥር ጨዋታዎችን አስተያይቼ ነው። በሁለቱም ሰሌዳ ላይ ቁጥሮችን እያንሸራተትክ የሚገጥሙትን ታዋህዳለህ። ሁለቱም እ.ኤ.አ. በ2014 መጀመሪያ ወራት፣ በሳምንታት ልዩነት ወጡ። አንዱ ትሪስ ነው። ሠሪዎቹ ከአንድ ዓመት በላይ ደክመውበታል። ሌላው 2048 ነው። ገብርኤሌ ቺሩሊ የተባለ የ19 ዓመት ጣሊያናዊ በጥቂት ቀናት ሠርቶ በነፃ ለቀቀው፣ ዓለምን አዳረሰ። በ2048 በየእርምጃው አንድ አዲስ ቁጥር ክፍት ቦታ ላይ ይወጣል። 90 በመቶ 2 ነው፣ 10 በመቶ 4። የት እንደሚወጣ ቀድመህ አታውቅም። በትሪስ ግን የሚቀጥለው ካርድ ምን እንደሆነ ቀድሞ ይታይሃል። የመነሻዎቹ ካርዶችም እንደ ዕቁብ ከተቀላቀለ ክምር ነው የሚወጡት።

2048 እንዴት ሳያስቆጣ ቀረ? ሰሌዳው ሰፊ እስከሆነ ድረስ የማይፈለግ ቁጥር ቢወጣም ቦታ ይዞ ይቀመጣል እንጂ የተሠራውን አያፈርስም። ከውሳኔህ በኋላ የመጣው ዕድል ለሚቀጥለው ውሳኔህ ቀድሞ የመጣ ይሆናል። ውርጩ ወደ በልግ ይለወጣል። ሰሌዳው ሲጠብ ግን አንድ ያልታሰበ ቁጥር ሁሉን ይደመስሳል። 2048 የተጫወተ ሰው ያንን መጨረሻ ያውቀዋል። ስለዚህ ጥያቄው ዕድሉ መቼ መጣ ብቻ ሳይሆን ከመጣ በኋላ ለተጫዋቹ ስንት እርምጃ ቀረለት የሚለውም ነው።

ይህን ይዤ በረዶው ከመውረዱ ሁለት እርምጃ በፊት ደመና እንዲታይ አደረግኩ። ደመናው የሚመታው ቦታ ላይ በትክክል ይቆማል። ተጫዋቹ ምርጫ አለው። ቦታውን ሮጦ ሊያጭደው ይችላል። ወይም ያንን ሰብል መሥዋዕት አድርጎ ሌላ ጋ ሊሠራ ይችላል። የበረዶው ብዛት አልተቀነሰም። ቦታውም እንደ ድሮው በዘፈቀደ ነው የሚመረጠው። የተለወጠው ሰዓቱ ብቻ ነው።

የሰሌዳ አሠራር ላይም ተመሳሳይ ነገር አለ። 15 ቁጥሮች ያሉትን፣ እየተንሸራተቱ የሚደረደሩትን የድሮ እንቆቅልሽ አስቡ። ቁጥሮቹን ነቅሎ እንደ ልብ የሚደረድር ሰው ከሚሠራቸው ሰሌዳዎች ግማሾቹ በምንም ዓይነት አይፈቱም። ይህ በሒሳብ የተረጋገጠ ነው። ተጫዋቹ ግን ይህን አያውቅም፣ ሌሊቱን ሙሉ ይለፋል። መፍትሔው ከተፈታው ሰሌዳ ተነስቶ ራሱን በሕጉ መሠረት እያንሸራተቱ ማበላሸት ነው። በመጣበት መንገድ መመለስ ይቻላልና ሁልጊዜ ይፈታል።

ፈንጂ ፍለጋውንም እንዲሁ። ዊንዶውስ ያለበት ኮምፒዩተር ላይ ያደገ ሰው ሁሉ ማይንስዊፐርን ያውቀዋል። የተከፈቱ ካሬዎች ላይ ያሉትን ቁጥሮች አይቶ ፈንጂው የት እንደተደበቀ ማወቅ ነው። በከባዱ ደረጃ 480 ካሬ ውስጥ 99 ፈንጂ አለ። የመጀመሪያው ጠቅታ ፈንጂ ላይ አይወድቅም፤ እዚያ ፈንጂ ካለ ጨዋታው ራሱ ወደ ሌላ ቦታ ያዛውረዋል። ደግ አሠራር ነው። ግን ሰው ለደቂቃዎች በንጹሕ አስተሳሰብ ከሠራ በኋላ መጨረሻ ላይ ሁለት ካሬ ይቀሩና የትኛው ፈንጂ እንደሆነ የሚለይበት መንገድ አይኖርም። ሳንቲም መወርወር ይሆናል። እንዲህ ያለ ቦታ ሁለት ካለ የማሸነፍ ዕድሉ ወደ ሩብ ይወርዳል። ሳይመን ታተም የሚባል እንግሊዛዊ ፕሮግራመር በሠራው የእንቆቅልሽ ስብስብ ውስጥ ያለው ፈንጂ ፍለጋ ይህን አስቀርቷል። ኮዱ ሰሌዳውን ከማቅረቡ በፊት ያለ ግምት እንደሚፈታ ራሱ ያረጋግጣል። ይህ ለኮምፒዩተሩ የቅጽበት ሥራ ነው።

ታዲያ ዕድል ለምን?

እዚህ ድረስ ያነበበ ሰው «ዕድሉን ጨርሶ አውጥቶ አይገላገልም?» ሊል ይችላል። ተገቢ ጥያቄ ነው። ገበጣ ዕድል የለበትም። ዳማም የለበትም። ሰንጠረዥም (ቼዝ) እንዲሁ። የድሮው የሐበሻ ሰንጠረዥ ወረራ የሚባል መክፈቻ ነበረው። የመጀመሪያው ጠጠር እስኪበላ ሁለቱ ተጫዋቾች ተራ ሳይጠብቁ በአንድ ጊዜ ያንቀሳቅሱ ነበር። እንዴት ያለ ግርግር እንደሚሆን አስቡት። ግን እዚያም ዳይስ የለም። ያልታወቀው ነገር ሁሉ የሚመጣው ከተቃራኒው ሰው ነው።

ነገሩ ያለው እዚህ ላይ ነው። ገበጣና ዳማ ተቃራኒ አላቸው። ሌላው ሰው ራሱ አዲስ ነገር ያመጣል። ብቻህን የምትጫወተው እንቆቅልሽ ግን ማን ነው አዲስ ነገር የሚያመጣልህ? ወይ ሠሪው ቁጭ ብሎ እያንዳንዱን ሰሌዳ በእጁ ያዘጋጃል፣ እ.ኤ.አ. በ1982 በጃፓን የወጣው ሶኮባን እንዳደረገው። ወይ ዕድል ያዘጋጀዋል። በእጅ የተሠራው ብዙ ጊዜ ይበልጣል፣ አልክድም። ግን አንዴ ከተፈታ አለቀ። ማታ ከሥራ በኋላ ብቻውን የሚሠራ የደብረ ብርሃን ልጅ 500 ሰሌዳ በእጁ ከየት ያመጣል? ዕድል የድሃ ሠሪ ረዳት ነው። ልንንቀው አይገባም።

ሌላም አለ። ሁልጊዜ ጎበዙ የሚያሸንፍበት ጨዋታ ጀማሪውን ያባርራል። ልጅ ሆኜ ከአጎቴ ጋር በቆርኪ ዳማ ስጫወት ሁለት ዓመት ሙሉ አንዴም አላሸነፍኩም። ትቼው ብይ መጫወት ሄድኩ። ትንሽ ዕድል ቢኖርበት ኖሮ ምናልባት ዛሬ ጥሩ የዳማ ተጫዋች እሆን ነበር።

ከሁሉም የምወደው አሠራር ዕድሉ መጀመሪያ ላይ ብቻ የሚገባበት ነው። ፍሪሴል የካርታ ጨዋታ እንዲህ ነው። 52ቱ ካርታ ተቀላቅሎ ፊቱን ገልጦ ይዘረጋል። ከዚያ በኋላ ምንም የተደበቀ ነገር የለም። በቀድሞዎቹ የዊንዶውስ ቅጂዎች ላይ ቁጥር የተሰጣቸው 32,000 ድልድሎች ነበሩ። ቁጥር 11982 ብቻ እንደማይፈታ ታውቋል። የቀሩት ሁሉ ይፈታሉ። ቁጥሩ ራሱ ጥሩ ሐሳብ ነው። አንተም እኔም ቁጥር 500ን ከፈትን ማለት አንድ ዓይነት ካርታ ደረሰን ማለት ነው። ፕሮግራመሮች ይህን መነሻ ቁጥር ሲድ ይሉታል፣ ዘር ማለት ነው። አንድ ዘር ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ማሳ ያበቅላል። በዚህ መንገድ ሁለት ሰው ሲወዳደር «ላንተ ጥሩ መጣልህ» የሚባል ሰበብ ይቀራል። ዕድሉ ለሁለቱም እኩል ነው፣ የሚለየው እጃቸው ነው።

የውርጭ ዕድልን አጥብቄ የምቃወመው ግን ለጨዋታ ጥራት ብዬ ብቻ አይደለም። በከተማችን የስፖርት ውርርድ ቤት ብርቅ አልነበረም። ስልክ ላይ ደግሞ ጨዋታ መስሎ የሚመጣው ቁማር በዝቷል። ቀለሙ ያው ነው፣ ድምፁም ያው ነው፣ ጠቅ የሚደረገውም ያው ነው። ልዩነቱ የተጫዋቹ ውሳኔ ውጤቱን መለወጥ አለመለወጡ ነው።

ቁማር ይህን ልዩነት መደበቅ ይችልበታል። ኤለን ላንገር የተባሉ አሜሪካዊት የሥነ ልቦና ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1975 ባሳተሙት ጥናት ለሰዎች የ1 ዶላር ሎተሪ ሸጡ። ግማሾቹ ትኬታቸውን ራሳቸው መረጡ፣ ለግማሾቹ ዝም ብሎ ተሰጣቸው። በኋላ ሽጡልን ሲባሉ ያልመረጡት በአማካይ 1.96 ዶላር ጠየቁ። የመረጡት ግን 8.67 ዶላር። ትኬቱ ያው ነው፣ ዕድሉም ያው ነው። እጃቸው ስለነካው ብቻ የተቆጣጠሩት መሰላቸው።

ለዚህ ነው ልጆች ለሚጫወቱት ነገር የምሳሳው። ሐሰተኛ ምርጫ የለመደ ልጅ «ትንሽ ቀረኝ፣ ቀጥሎ ይወጣልኛል» ማለት ይለምዳል። እውነተኛ ምርጫ የለመደ ልጅ የት ጋ እንደተሳሳተ ይፈልጋል። ጨዋታ የምትሠሩ ወንድሞቼና እህቶቼ፣ ይህ በእናንተ እጅ ነው። ከተጫዋቹ ጠቅታ በኋላ በድብቅ የምትጥሉት እያንዳንዱ ዳይስ ወደ አንዱ ወገን ይገፋዋል።

አዲሱን ጨዋታ ይዤ ጠባሴ የተመለስኩት በጥቅምት ነው። የእህቴ ልጅ መጀመሪያ አልነካም አለች። ቂም ይዛለች። እናቷ «አጎትሽ ደክሞበታል፣ አንዴ ሞክሪለት» ብላ ለመነቻት።

ሩብ ሰዓት ያህል ምንም አልተናገረችም። ጣቷ ስክሪኑ ላይ እየተንሳፈፈ ይቆማል፣ ከዚያ ይመለሳል። አንዴ ሹክ ብላ «ሁለት ባቄላ ወጥቷል፣ አሁን ባቄላ የለም» ስትል ሰማኋት። ስለ ከረጢቱ ማንም አልነገራትም። ራሷ ደርሳበታለች። ደመና መጣባት። ስንዴውን ትታ ገብሱን አዳነች። ሌላ ደመና መጣ። ይኼኛውን ናቀችው። በረዶው ወረደና ማሳዋ ተዘጋ።

ስልኩን ትወረውረዋለች ብዬ ጠበቅኩ። «አይቼው ነበርኮ» አለች። ከዚያ ቀና ሳትል፦ «ውርጭስ የለውም? ባቄላ ካለ ውርጭ አለ።»

ውርጩን እየሠራሁት ነው። ስንት እርምጃ ቀድሞ መታየት እንዳለበት ገና አልቆረጥኩም። አያቴ ማታ ደጃፍ ላይ ቆመው ሰማዩ ጥርት ካለና ነፋሱ ቀጥ ካለ «ዛሬ ይጥላል» ይሉ ነበር። ስለዚህ ማያ ገጹ ጥግ ላይ ትንሽ ሰማይ አስገብቻለሁ። ከዋክብቱ በበዙ ቁጥር ውርጩ ቀርቧል። የመጀመሪያው ሙከራ ላይ ከዋክብቱን ያስተዋለ ሰው የለም። አሁን ትንሽ ተለቅ አድርጌያቸዋለሁ።